የተገለበጠው ሰሌዳ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ዝናብ። ቢሆንም ካፌያችን ሞልቶ ዋለ። ጠዋት ቡና ላዘዘ ሁሉ የተጠበሰ ዳቦና ቅቅል እንቁላል በነጻ... በከተማችን በናጎያ ይህን የማይሰጥ ካፌ ማን ይገባል? እኔ ዳቦ ስቀባ፣ ባለቤቴ ሴይጂ የተፈጨ ቡና በያዘው የጨርቅ ማጥለያ ላይ ሙቅ ውሃውን እንደ ክር እያቀጠነ ሲያወርድ ዋልን። ሲያወርድ አይናገርም። አባቱ እንዲያ ነው ያስተማሩት።

ባለፈው ወር ከያዘው ክፉ ጉንፋን ከተነሳ ወዲህ ግን ምግብ አይጥመውም። ሾርባውን “ውሃ ነው” አለኝ። ጨው ጨመርኩበት። አሁንም “ውሃ ነው።”

ዓርብ፣ ኖቬምበር 8

አቶ ኩራታ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ልብስ ሰፊ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው “እንደ ወትሮው” ከማለት ሌላ ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው። ስኒያቸው ውስጥ ጠብታ ቀርታ አታውቅም።

ወደ ጓዳ ወስጄ የተረፈውን ቀመስኩት። አመድ! ሴይጂ ሰዓት አይቶ አይቆላም፤ ልኩን የሚነግረው አፍንጫው ነው። አፍንጫው ደግሞ...

አምላኬ። እንዴት እስከ ዛሬ አልገባኝም?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

“እንደ ወትሮው?” አላቸው ሴይጂ አቶ ኩራታን።

“አይ... ዛሬ እንኳ ያቺን አረንጓዴዋን ልሞክር።”

“አይስክሬም ያለባትን ሶዳ? የልጆቹን?”

“የልጅ ልጄ ስትጠጣ አስቀናችኝ።”

ቀይዋ የቼሪ ፍሬ አናቷ ላይ ጉብ ብላ፣ አቶ ኩራታ ክራባታቸውን አስረው በማንኪያ ይጨልፋሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

የጸጉር ቤቱ ሴቶች ትኩስ ወተት አዘዙ። ጡረተኛው መምህር ኮኮዋ። ማንም ዞር ብሎ የማያየው መጠጥ ሁሉ ዛሬ ተፈላጊ ሆነ። ሰፈሩ ቡናውን ላለማዘዝ ሳይማከር ተስማማ። ጥሎን የሄደ የለም፤ የተናገረም የለም። ቢሄዱ ይሻለን ነበር ይሆን?

ሴይጂ፣ “የወተቱና የኮኮዋው ገበያ ደርቷል፤ እጅሽ ነው” አለኝ። 

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ሴይጂ ጓሮ ቡና ሲቆላ አጠገቡ ቆምኩ። ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። እሱ መቁያውን እያዞረ ይጠብቃል። ዞር ሲል እሳቱን ቀነስኩት። መልሶ ከፍ አደረገው።

“ሴይጂ፣ አይበቃውም?”

“ገና ነው። አልሸተተኝም።”

እና አሁን ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። “ቡናው...” አልኩ።

“ምን ሆነ?”

“ምንም። ቆንጆ ነው።”

ቆንጆ ነው! ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ግን ምን ልበለው? ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። እኔም የለኝም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ለሴይጂ ሳልነግር ስለ አፍንጫው ልጠይቅ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። “ማሽተቱ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል።” መድኃኒት? “መጠበቅ ነው።” ይህን ለመስማት ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

አቶ ኩራታ ዛሬም አረንጓዴዋን። ሲነሱ ጠረጴዛውን ያዝ አደረጉ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ... ስኳር አለባቸው እኮ! ሟች ሚስታቸው “አደራ፣ ፉሚኤ፣ ጣፋጭ እንዳትሰጪው” ብላኝ ነበር። ቀና ስል ሴይጂም እሳቸውን እያየ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 22

ካፌውን ሳንከፍት ሴይጂ ወንበር ላይ ወጣ። ግድግዳው ላይ የምናቀርበው ሁሉ በየእንጨት ሰሌዳው፣ በአማቴ ብሩሽ ተጽፎ ተደርድሯል። ያለቀብንን ነገር ሰሌዳ እንገለብጠዋለን፤ ልማዳችን ነው። የመጀመሪያው፣ “ቡና” የሚለው፣ በኔ ዕድሜ ተገልብጦ አያውቅም።

ገለበጠው። ሌሎቹ በሲጋራ ጭስ ቡናማ ሆነዋል። የዚህኛው ሰሌዳ ጀርባ ግን ነጭ ነው፣ ትናንት የተላገ ይመስላል።

ወንበሩን እንደያዝኩ፣ “መቼ አወቅህ?” አልኩት።

“አቶ ኩራታ አረንጓዴዋን ያዘዙ ቀን።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“አንድ ቀን ጠዋት አፍንጫዬ ይመለሳል ብዬ። አንቺስ?”

እስኪወርድ ጠብቄ በሩን ከፈትኩ።

አቶ ኩራታ ገብተው ሰሌዳውን ቆመው አዩት።

“አልቋል?”

“አልቋል” አለ ሴይጂ።

“ነገስ?”

“እንጃ፣ አቶ ኩራታ። እኔም አላውቅም።”

ወደ ቦታቸው ሄደው ተቀመጡ። “እንግዲያው ሙቅ ውሃ ስጠኝ።”

ሴይጂ ንጹሕ ጨርቅ አውጥቶ ማጥለያው ላይ አደረገ። ምንም ባልነበረበት ጨርቅ ላይ ውሃውን እንደ ክር እያቀጠነ አወረደ። አልተናገረም።  በወትሮው ስኒ አቀረበላቸው።

አቶ ኩራታ ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት። አጎንብሰው እጅ ነስተው ሄዱ።

ስኒውን ከማጠቤ በፊት ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ምንም አይሸትም።