ማክሰኞ የሞላው እርምጃ

ይድረስ ሎንዶን ላለሽው ልጄ ለየትናየት። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ጎንደር፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ቆመን እየሄድን ነው።

የላክሽለት ሰዓት ከአባትሽ እጅ ወርዶ አያውቅም። ሐኪሟ «ስኳርዎ ጠርዝ ላይ ነው፤ ይራመዱ» ካለችው ወዲህ በቀን ስድስት ሺህ እርምጃ ይሞላል። ስኳሩም ወርዷል፤ ሸጋ ነው።

ማክሰኞ ሃያ አንድ ሺህ መሙላቱን በስልክሽ አይተሽ «ጎበዝ አባዬ» ብለሽ ልከሻል። አነበብኩለት፤ ሳቀ። የዚያን ቀን ጋቢውን ለብሶ፣ የሚካኤልን ማኅበር ልጠጣ ብሎ አያ አድማሴ ቤት ሄዶ ነበር። አያ አድማሴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሞላቸው፤ ለተዝካራቸው ድንኳኑን የተከለው አባትሽ ራሱ ነው። ልጃቸው ጽጌሬዳ ደግ ናት፤ አስገብታ ጠላ ቀድታ አስተናገደችው። ከእሷ ቤት ረፋድ ላይ ወጥቶ እኛ ጋ የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው። ከከተማው ወጥቶ በኮሶዬ መንገድ ያገኘው ባለባጃጅ አመጣው። «ምነው ቆየህ?» ስለው፣ «ሰዓቱ ገና ነው ብሎኝ» አለኝ።

አሁን አብሬው እራመዳለሁ። ለጉልበቴ ታዞልኝ ነው ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰዓቱ እርምጃ ብቻ ሳይሆን ሰው ያለበትንም ቦታ ያሳያል ይላሉ። እውነት ከሆነ በእኔ ስልክ እንዴት እንደሚከፈት ጻፊልኝ። ለእሱ አትንገሪው።

እመቤቴ ከክፉ ትጠብቅሽ። አባትሽ «ሰላም በይልኝ» ብሎሻል፤ ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ብሎኛል።

እናትሽ ጥሩ