ስለ ነፋሱ ያልነገርኩት

ቅዳሜ፣ ግንቦት 12 ቀን 1987

ዛሬ ባሌን ዋሸሁት። ለዓሣ ማጥመጃ ጀልባው ሞተር ልንመርጥ ሄደን እንደወትሮው ስዊድንኛውን እኔ አስተረጎምኩ። ታደሰ ልቡ ባለ አሥራ አምስት ፈረስ ጉልበቱ ላይ ነበር። ሻጩም፣ «ለጀልባችሁ ልኩ ይኼ ነው፤ ስምንቱ ነፋስ ሲነሳ አቅም ያንሰዋል» አለ።

እኔ ግን፣ «ትልቁ ለጀልባው ይከብዳል፣ ስምንቱን ውሰዱ ነው የሚለው» አልኩት። በትንሹ ሞተር ከዳር ብዙ አይርቅም ብዬ ነው።

ሱንድቢበሪ፣ ቤታችን እስክንደርስ ሞተሩን ባቡር ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎት መጣ። «አንቺ ባትኖሪ እኮ ትልቁን ገዝቼ እገለበጥ ነበር!» እያለ ይስቃል። ስዊድንኛዬን ሰው ጥሎት ከሄደ ጋዜጣ እየለቃቀምኩ ስማር፣ ከእኔ በላይ የሚኮራብኝ እሱ ነበር።

ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻውን ሐይቁ ላይ ሊሞክረው ነው። እውነቱን ልነግረው ሁለቴ አፌን ከፍቼ፣ ሁለቴም «ራት ቀርቧል» አልኩት።

ከመስኮታችን ፊት ያሉት ዛፎች ከቀትር ጀምሮ እየተወዛወዙ ነው።