በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ የተባለው ከረጢት ከሟቾች መዝገብ እንዲፋቅ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ግንቦት 14

ለበረራ አደጋ ምርመራ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልሞተ ሰው ሞት እንዲሰረዝልኝና ልጄ ላይ የተጣለው የበረራ እግድ እንዲነሳ ስለማመልከት

1. ሚያዝያ 29 ቀን የማሠልጠኛ ሄሊኮፕተር ወደቀ፤ ሰው አልሞተም።

ቢሮዎ ግን አንድ ሰው ሞቷል ብሎ መዝግቧል። እኔ አመልካች የበረራ ማሠልጠኛው ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሟች የተባለውን በእጄ የሰፋሁት፣ የሞላሁትና ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰማንያ ኪሎ አሸዋ ነው።

2. ተማሪ አብራሪ ፈቃድ ሳያገኝ ሰው መጫን አይችልም። ሰው የሚያህል ክብደት ጭኖ ካልተለማመደ ደግሞ ፈቃድ አያገኝም። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ላይ የአሸዋ ከረጢት በቀበቶ አስረን እናሳፍራለን። የተሳፋሪ ቅጹ ክፍት ቦታ ከተተወበት ተመላሽ ይሆናል። ስም ለሚለው «ጋሼ ከባዱ» ብዬ ሞላሁ። ፆታ ለሚለው «ወንድ» አልኩ። ዕድሜ ለሚለው «ስድስት» ጻፍኩ፤ ከሰፋሁት ስድስት ዓመቱ ስለሆነ አልዋሸሁም። አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው ለሚለው የራሴን ስልክ ሰጠሁ፤ ሲቀደድ የምጠቅመው እኔ ነኝና።

3. በዕለቱ የምታበረው ተማሪ ልጄ ነበረች፤ ይህን አልደብቅም። ማሽኑን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋ ባለበት ማቆም እየተለማመደች ሳለ ነፋስ ከጎን መታት። የማሽኑ አንድ እግር መሬት ነክሶ ተገለበጠ። አስተማሪዋ ክርኑ ተላጠ፣ ልጄ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከረጢቱ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። የሬዲዮ ሠራተኛችን ቀልድ ካልተናገረ የሚያመው ሰው ነው። ለቢሮዎ ሲያስታውቅ፣ «ሁለቱ ደህና ወጥተዋል፤ ጋሼ ከባዱ ግን አልተረፈም፤ ነፍስ ይማር» አለ። ተረኛ መርማሪዎ ቅጹን አስቀርቦ አመሳከረ። ስም አለ፣ ፆታ አለ፣ ዕድሜ አለ። መዘገበ።

4. ከሰዓት በኋላ አንዲት ሠራተኛዎ ደወለችልኝ። «የጋሼ ከባዱ ተጠሪ እርስዎ ነዎት?» ስትለኝ «ነኝ» አልኩ። ጥፋቴ ይህ ነው።

«ስድስት ዓመቱ ነው ይላል። ሰማንያ ኪሎ?» አለች።

«አዎ፤ በየወሩ እመዝነዋለሁ።»

«ኧረ ምንድን ነው የምታበሉት?»

«አሸዋ» አልኳት። «ሐዘን ነው፣ አይፈረድብዎትም» አለችና ዘጋችው።

በማግስቱ የቢሮዎ የሐዘን መግለጫ በቤቴ አድራሻ ደረሰ። የባለቤቴ እህት ከፍታ አነበበችው። «እንዲህ ያለ ዘመድ ሲኖርህ ለእኛ አይነገርም?» ብላ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

5. በዚያው ሳምንት ከቢሮዎ ሁለት ደብዳቤ ደረሰን። አንደኛው፣ የሰው ሕይወት የጠፋበት በረራ ስለሆነ ጉዳዩ እስኪዘጋ ተማሪዋ እንዳትበር ያዛል። ሁለተኛው፣ «ከሟቹ ጋር ተመሳሳይ የሆኑ ከረጢቶች» ከእንግዲህ እንዳይሳፈሩ ይከለክላል። ሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የክቡርነትዎ ነው። የትኛውን ሲፈርሙ እንደተሳሳቱ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም።

6. መዝገብ ክፍል ሄጄ ባስረዳ፣ ሞት የሚሰረዘው ሞተ የተባለው ሰው በአካል ቀርቦ ሲፈርም ብቻ ነው ተባልኩ። አሸዋውን በአካፋ ሰብስቤ፣ የተቀደደውን ጠቅሜ፣ በጋሪ ይዤው መጣሁ። የዋናው በር ጥበቃ፣ «አባት፣ ጭነት በዕቃ በር ነው» አለኝ። ወደ ዕቃ በር ዞርኩ። የዚያኛው ጥበቃ ወረቀቱን አነበበና፣ «ይሄ እኮ ሰው ነው የሚለው፤ ባለጉዳይ በዋናው በር ነው» አለኝ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ጋሪው ጎማው ተነፈሰ።

7. ክቡር ሆይ፣ እኔ ልስቅበት እችል ነበር። ልጄ ግን አትስቅም። ፈታኙ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ዛሬ ተመልሶ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ሄሊኮፕተር መሪ በጉልበቶቿ መሃል አቁማ ስትለማመድ ከርማለች። እናቷ «ካነሳሽው አይቀር ከአከራያችን ራቅ አድርገሽ አሳርፊው» ትላታለች። ባለፈው እሑድ እንጨቱን አስቀመጠችና፣ «አባዬ፣ ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነበው የእውነት ሰው የገደልኩ ይመስለኛል» አለችኝ። «አሸዋ ነው» አልኳት። የቢሮ ማህተም ያለበት ወረቀት ከአባት ይልቅ ይታመናል።

8. ስለዚህ ሟች የተባለው ከመዝገብ ተፍቆ፣ ልጄ ማንንም እንዳልገደለች በጽሑፍ እንዲገለጽልኝና እግዱ እንዲነሳላት በትሕትና አመለክታለሁ። ለእኔ ጥፋት የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ።

9. ይህ በሰልፍ ላይ ቆሜ የጨመርኩት ነው። ልጄ አሁን ደወለች። ፈታኙ፣ «አቤቱታው ቢሮ ከገባ የእግዱን ነገር እኔ እጠየቅበታለሁ፤ ከጎኗ ስለምቀመጥ ሰው መጫን ትችላለች። ከረጢት ስለተከለከለ ሰማንያ ኪሎ ሰው ፈልጊ። ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ» ብሏታል። አስተማሪዋ ሃምሳ አራት ኪሎ ነው፤ የሬዲዮ ሠራተኛው ከነቀልዱ ስልሳ አይሞላም። ሰማንያ የምመዝን እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ስሠራ አንድ ቀን ተሳፍሬ አላውቅም፤ እፈራለሁ። ልጄም ታውቃለች። «አባዬ፣ ዓይንህን መጨፈን ትችላለህ፤ ከረጢቱም አያይም ነበር» አለችኝ።

ከፊቴ ገና አራት ሰው አለ። ወረቀቱን ከኋላዬ ለቆሙት እናት ሰጥቻለሁ፤ «ሂድ ልጄ፣ እኔ አስገባልሃለሁ፤ ብቻ አየር ላይ እንዳትጮህባት» ብለውኛል። በዛሬው የበረራ ቅጽ በኋላ ወንበር የተጻፈው ስም የእውነተኛ ሰው መሆኑን ቢሮዎ እንዲያውቅልኝ አሳስባለሁ። ቁርጥ ያለውን መልስ በሌላ ቀን መጥቼ እወስዳለሁ። አሁን መሄዴ ነው።

ከአክብሮትና ከጥድፊያ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የግምጃ ቤት ሠራተኛው፣ የተማሪዋ አባት