ለሰሚራ ወጥቶላታል ብዬ

ማክሰኞ፣ ጥር 8፣ ረፋድ
እጣቢ ደፍቼ ስመለስ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ደጃፍ ቆማለች። የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ነው፣ ቀበሌ ግቢ ድንኳን ተተክሏል፣ የልጅ ልጅዎን ያምጧት አለች። ሳቄ መጣ፣ ደብተሬ። ለሰሚራማ ክረምት ላይ ወጥቶላታል! አንዴ የወጣለትን መልሶ እንደማይዘው እኔ ላስተምራት? ጨለማ ክፍል አስተኝቼ ያስታመምኩ፣ ሲለቃት ንፍሮ ቀቅዬ ጎረቤት የጠራሁ እኔ! ቢወጣላትም መከተቡ አይጎዳትም ብላ ለመነችኝ። «ሂጂ የኔ ሸጋ፣ ያልወጣለት ፈልጊ» ብዬ ሸኘኋት። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 1
ሰሚራ ትኩሳት። ሳል። ዓይኗ ደም መስሏል። እናቷ ዘሃራ አዲ አርቃይ ለንግድ ሄዳለች። ጉንፋን ነው፣ ምን ይሆናል።

እሑድ፣ የካቲት 4
ከጆሮዋ ኋላ የጀመረው ሽፍታ ደረቷ ደረሰ። ጤ/ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሱ ኩፍኝ ነው አለ። ወጥቶላት የለም ወይ ብዬ ጮህኩበት። የክረምቱ ምን ይመስል ነበር አለኝ። ውሃ የቋጠረ፣ የሚያሳክክ።
«እናቴ፣ እሱማ ጉድፍ ነው።»
ኩፍኝ የያዘው ዳግም አይያዝም ማለትዎ ልክ ነው አለኝ፤ ጉድፍ ግን ከኩፍኝ አይጠብቅም። ጎረቤቱን ሁሉ የጠራሁት ለጉድፍ ኖሯል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6
ሆስ/ል ተኛች። ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ሐኪሙ ዓይኗ ላይተርፍ ይችላል አለ። ዘሃራ ከመንገድ እንደገባች መጣች። ምነው ሳትከተብ ቀረች? አለችኝ። «ማን መጣና!» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። አፌ ልበል እንጂ፣ እኔው ነኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 8፣ 10 ሰዓት
ዘሃራ ጤ/ጣቢያ ሄዳ የጤና ኤክስቴንሽኗን ልጅ ከሰሰቻት፣ ቤታችንን ዘላ አለፈች ብላ። ልጅቷ ሄጃለሁ ብላ ምላ፣ አልቅሳ፣ ማንም አላመናትም። ነገ 3 ሰዓት አለቃዋ ፊት ትቀርባለች። ምስክሯ እኔ! «አንቺ ከተናገርሽ ማን ይችልሻል፣ እማ» ትላለች ዘሃራ። ድሮ ይህን ስትለኝ እኮራ ነበር። ሰሚራ ዓይኗ ታሽጎ እጄን ትዳብሳለች፣ ማነሽ ትለኛለች።
እሄዳለሁ። ዘሃራም ልጅቷም ባሉበት እናገራለሁ፤ መጥታለች፣ ለምናኛለች፣ የመለስኳት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ዘሃራ እማ ብላ ትጠራኝ እንደሆነ እንጃ።