ከአያ ደምሴ ማሳ ሥር የቆፈርከው ዋሻ

ሰይዴ፣ የኔ ሰው፣

እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር፣ ያለህበትን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ማሽላ ታጭዷል። ሳልህ ከቤቱ ሲጠፋ ዝምታውን ለመልመድ ብዙ ተቸግሬ ነበር። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም። አደራህን በልቻለሁ። ከማንም ሳይሆን ከእኔው ከራሴ እንድትሰማው ብዬ ነው።

የሠራህበት የድንጋይ ከሰል ዋሻ ተዘግቷል። አንተ በሞትክ በዓመቱ ከሰሉ ሳሳ ብሎ ድርጅቱ ሥራውን አቆመ። ከሮቢት በላይ ባለው ተረተር አሁን የመኪናም የሰውም ድምፅ የለም። የቀረልን ያ ጥቁር የአፈር ክምርና ከዋሻው አፍ የሚወጣው ዝገት የመሰለ ውሃ ነው። ውሃው የነካው ሳር ሁሉ ይቃጠላል፤ ፍየሎቹ እንኳ አሽትተውት ይመለሳሉ። መሬቱን መልሰው ሊያለሙ ከቆቦ ባለሙያዎች መጡ። የምትመራቸው ትዕግስት የምትባል የጎጃም ልጅ ናት፤ እዚህ ተመድባ የመጣች።

በቀበሌው ስብሰባ የድርጅቱን ካርታ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። በካርታው ላይ የዋሻው የግራ መንገድ ደረቁ ወንዝ ጋ ሳይደርስ ያበቃል። «ከወንዙ ወዲህ ያለው ታጥሮ ይሞላል፤ ከወንዙ ማዶ ያላችሁ እርሻችሁን ቀጥሉ» አለችን። ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ የጎረቤታችን የአያ ደምሴ መሆኑን አንተ ታውቃለህ።

በሽታው ሲጸናብህ፣ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር አስደግፌህ ወተት ሳጠጣህ፣ የነገርከኝ ነገር በጆሮዬ ጮኸ። አለቃችሁ ከሰሉን ተከተሉ ሲላችሁ ወንዙን በሥሩ አልፋችሁ ከአያ ደምሴ ማሳ ሥር ገብታችኋል። ከዋሻው የግራ መታጠፊያ ስልሳ እርምጃ ያህል። ስትወጡም ጣሪያውን የደገፉትን እንጨቶች ነቅላችሁ ወደ ሌላ ቦታ ወስዳችኋል። «ፋጡሜ፣ ለእሱ እንዳትነግሪብኝ» አልከኝ። «በእጁ ላይ ነው ያደግሁት። ፊቱን ሳላጠቁር ልሙት።» እሺ አልኩህ። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ በቀብርህ ቀን ከወንድሞችህ አብልጦ አለቀሰ፤ እኔም ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ከስብሰባው ወጥቼም ዝም አልኩ። በማግስቱ አያ ደምሴ ጥማዱን ይዞ ወጣ። በሬዎቹ ሲመላለሱ ከደጄ ይታዩኛል። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ቀና እላለሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ከዚያ ያንተ ፊት ይመጣብኛል። በሦስተኛው ቀን ውሃ ልቀዳ ስሄድ ከማሳው ዳር መሬቱ ተሰንጥቆ አየሁ። እጄን ከስንጥቁ ባስገባ ከውስጥ የከሰል ሽታ ያለው ቀዝቃዛ አየር መጣብኝ። ልብስህን ስንት ዓመት አጥቤ ያንን ሽታ እንዴት እስተዋለሁ?

ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ። በበሬዎቹ ፊት ቆሜ ቀንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አያ ደምሴ፣ ፍታቸው! ሥሩ ባዶ ነው!»

«ማን አለሽ?»

«ሰይድ። ራሱ ነው የቆፈረው።»

«ሰይድ እንዲህ አያደርገኝም» አለ። «ሙት አትውቀሺ፣ አንቺ ልጅ። ልቀቂ!»

ሊያስለቅቀኝ ታገለ፤ አለቀቅኩም። ወላሂ ብዬ ማልኩለት። መሐላ ይፈራል፤ በሬዎቹን ፈታ። ወደ እኔ ሳይዞር ነድቷቸው ሄደ።

ለትዕግስት ደውዬ አስመጣኋት። ከዋሻው አፍ ተነስቼ ወደ ግራ፣ ከዚያ ከወንዙ ማዶ፣ አንተ እንደነገርከኝ እየረገጥኩ አሳየኋት። ከድርጅቱ የመጣው ሰውዬ «ካርታው አይሳሳትም» ብሎ ሳቀብኝ። እሷ ግን «ካርታው ዋሻ ውስጥ አልገባም፤ ባሏ ነው የገባው» ብላ ካስማ አስተከለች፣ ገመድ አስወጠረች፣ ሰውም ከብትም እንዳያልፍ ከለከለች።

ማሳው በታጠረ በአራተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ። የከሰዓቱን ዓስር ሰግጄ ስነሳ መሬቱ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። ከጎረቤቶች ጋር ሮጠን ስንደርስ የማሳው መካከል የለም። ቤት የሚውጥ ጉድጓድ ሆኗል፤ ትልሞቹ አፋፉ ላይ ደርሰው ተቆርጠዋል። ሰው አልነበረም፣ ከብትም አልነበረም። አያ ደምሴ ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ቆሞ ነበር። እኔን ሲያይ ፊቱን መለሰ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሳን። ጉድጓዱና ዋሻው በድንጋይና በአፈር ሲሞላ ወራት ፈጀ። ጥቁሩን ክምር ደለደልነው፤ ለም አፈር አለበስነው፤ ሳርና ግራር ተከልንበት። ውሃው የሚወርድበትን ቦይ በኖራ ድንጋይ ሞላነው፤ ዝገቱ እየቀነሰ ነው፣ ግን ገና አልጠራም። እኔም ከሠራተኞቹ ጋር ችግኝ እተክል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አያ ደምሴ አካፋውን ይዞ መጣና ከጎኔ መቆፈር ጀመረ። እስከ ቀትር ጎን ለጎን ቆፈርን። በመጨረሻ ቀና ሳይል «ቢነግረኝ እቆጣ ነበር» አለኝ። «ተቆጥቼ፣ ከዚያ ደግሞ እንደዚያው አለቅስለት ነበር። ምን አስፈራው?» ችግኙን አቀበልኩት።

ሰይዴ፣ ልጃችን መዲና ነገሩን ከሰው ሰማችና ጠየቀችኝ። «አባቴ ያውቅ ነበር?» አለችኝ። ልዋሻት አፌን ከፍቼ ነበር። «አዎ፣ ያውቅ ነበር። ፈርቶ ነው» አልኳት። ትንሽ አለቀሰችና እጄን ያዘች። እወድሃለሁ፣ ተቀይሜህም ነበር፤ ሁለቱንም ነገርኳት። ሰው ደግ ደጉን ብቻ አንሺ ይለኛል። እኔ ግን እንዲያ አድርጌ ግማሽህን አልቀብርም። ቃል እገባልሃለሁ፣ እድሜዬን ሙሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስብሃለሁ።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ።

ፋጡማህ