ለሐዋርያ ምልክት የተደረገችው ልጄ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ወልደየስ፣ ቡታጅራ።

እንደምን ከርመሃል ጋሼ? ክረምቱ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? የዓለምሸት ዓይን ተሻላት ወይ? ደምሰውና ሲፎራስ ደህና ናቸው? እማዬስ እንዴት ናት፣ ደም ግፊቷ ወረደላት ወይ፣ እህል ይበላላታል ወይ? በጓዳው በኩል ያፈስ የነበረው ጣሪያስ ተጠገነ? ሁላችሁንም በየተራ ፊቴ ላይ እያመጣኋችሁ ነው የምጽፈው። እኔ አለሁ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ በቤታችን በዝቷል።

በስልክ ነገሩን ስጀምርልህ ወይ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ወይ ሰው መጣብኝ ትለኛለህ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም ብዬ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ ስለማላውቅ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ከጀመርኩት ቀናት አልፈዋል። ይዛልህ የምትመጣው አለምዘውድ ናት፣ ቤት የምንጋራው የሆሳዕና ልጅ። በእጅህ እንድትሰጥህ ነግሬያታለሁ። የምታውቀውንም ሁሉ እደግመዋለሁ፤ አላውቅም ነበር እንዳትል።

ልጄ ሮዳስ ከትንሽነቷ ጀምሮ ስኳር ነበረባት፣ መርፌዋንም ራሷ ነበረች የምትወጋው። አምና በግንቦት ሀብቴ እዚህ ካምፓላ፣ ካንሳንጋ በተከራየው አዳራሽ የጾም ጸሎት አወጀ። ያኔ ገና ፓስተር ነበር የሚባለው። ሮዳስ መርፌዋን ወግታ ምንም ሳትቀምስ ሄደች፣ መዝሙሩ መሃል ወደቀች። እኔ ምን እንደሆነች ወዲያው ገባኝ፤ ስኳሯ ሲወርድ ቤትም ውስጥ ስንቴ ወድቃብኛለች። ከቦርሳዬ ስኳር አውጥቼ ድዷን በጣቴ አሸሁላት። ሀብቴ ከላይ ቆሞ እጁን ጭኖ ይጮኻል። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች፣ ቀና ብላ ሶዳ ጠጣች። ሀብቴ ማይኩን ይዞ «ሞታ ነበር፣ ተነሣች!» አለ፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። «ኧረ ስኳሯ ወርዶ ነው» ብል ማን ይስማኝ? አጠገቤ የነበረች ሴት «እናት ሆነሽ የልጅሽን ተአምር ታሳንሻለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። አንተም ያየኸው ያ ቪዲዮ ላይ የሚታየው የሀብቴ እጅ ነው። የእኔ እጅ ከታች ስለነበረ ተቆርጦ ወጥቷል።

በሰኔ መንግሥት በኮቪድ ምክንያት ከተማውን ዘጋ፣ አዳራሹም ተዘጋ። ሀብቴ በየጊዜው ለሮዳስ ይደውልላታል፣ እኔም ሊያጽናናት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ የሚላት ሌላ ነው። «ስኳር የነበረባት የሞተችው ሮዳስ ናት፤ የተነሣችው የለባትም። መርፌ በወጋሽ ቁጥር ምስክርነትሽን እያፈረስሽ ነው» ይላት ነበር። እኔ ወጋሽ ወይ ስላት «ወግቻለሁ እማ» ትለኛለች። እስክታስታውክ፣ ውሃ አልጠግብ እስክትል፣ ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ እስኪሸት ድረስ አላወቅኩም። ያኔ ነው አልቅሳ የነገረችኝ።

ቦዳ የሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። መኪናም ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ሀብቴ ለእርዳታ ሥራ ብሎ ፈቃድ ያወጣላት፣ መስታወቷ ላይ ወረቀቱ የተለጠፈባት መኪና ነበረችው። ደወልኩለት፣ ለመንኩት። «እህቴ፣ ሟርት አታውሪ። ከሞት የተነሣ ሰው ሆስፒታል ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ሰው ቢያያትስ?» አለኝ። ጋሼ፣ ይችን የመጨረሻዋን ቃል ልብ በልልኝ። የፈራው ለልጄ ሳይሆን እንዳትታይ ነው።

ጀሊላን ነግሬሃለሁ፤ በርበሬና ሽሮ እያሸግኩ የምሠራላት የወሎዋ ነጋዴ። ወንድሟ ኡዋይስ የሱቅ ዕቃ የሚያመላልስባት ቫን አለችው። ሮዳስን እዚህ ፖሾ በሚሉት የበቆሎ ዱቄት ከረጢቶች መሃል አስተኝተናት ሄድን። ፖሊስ አስቁሞ ምን ጭነሃል ሲለው ኡዋይስ «ዱቄት ነው አፋንዴ» አለ፣ ጌታዬ ማለቱ ነው። በዚህ መሃል ሮዳስ አቃሰተች። ፖሊሱ ወደ ኋላ አየ፣ ኡዋይስን አየው፣ ከዚያ «ዱቄትህ በጣም ታሟል፣ ፍጠን» ብሎ በእጁ እለፉ አለን። ኪቡሊ ኮረብታ ላይ ያለው ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሞቹ በሽተኛ ሞልቶባቸው እንኳ ወዲያው ተቀበሏት፣ የቻሉትንም ሁሉ አደረጉ። የዘገየነው እኛ ነን። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሮዳስ አረፈች። ዓይኗን የከደነችላት ጀሊላ ናት። ቀብሯ ላይ ጀሊላ፣ ኡዋይስና አለምዘውድ ቆሙልኝ። ከአዳራሹ ሰው አንድም አልመጣም፤ ኮቪድ ነው ተባለ።

ያን ቀን ከአገር ቤት ሰው ሁሉ ለአንተ ብቻ ደወልኩ። እማዬ እንዲህ ያለውን በስልክ እንድትሰማ እንዴት አደርጋለሁ? መርዶ ሽማግሌ ተይዞ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በጠዋት ተሂዶ ነው የሚነገረው። ከዚህ ሆኜ ይህን ላደርግ አልችልምና አንተን ላክሁህ። «እሺ፣ ለእኔ ተይው» አልከኝ። ከዚያ መስቀል ይለፍ፣ ቤተ ዘመድ የሚሰበሰብበት ነው አልክ። መስቀል ሲያልፍ ገና ይለፍ አልክ። ገና ሲያልፍ እማዬ አሟታል አልክ። እማዬ በደወለች ቁጥር «ሮዳስ እንዴት ናት?» ትለኛለች፣ እኔም እንዳዘዝከኝ «ሰላም ትልሻለች» እላለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን እንደምሆን አለምዘውድ ትንገርህ።

ባለፈው ሐምሌ አባባ ዓለምሰገድ ደወሉልኝ፣ አንተም ካለህበት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሁሉ ትልቁ። ጤናዬን ጠየቁኝና «በይ ሮዳስን አገናኚኝ፤ ከሞት የተነሣ ሰው ድምፅ ሳልሰማ እንዳልሞት» ብለው ሳቁ። «ተኝታለች» አልኳቸው። «ትተኛ፣ ትተኛ፣ አትቀስቅሻት» አሉኝ። ከዚያ ደስ እያላቸው በፋሲካ ሰሞን ሀብቴ ሐዋርያ ይባል ወይ ብላችሁ ያደረጋችሁትን ስብሰባ ተረኩልኝ። እሳቸው ሐዋርያ ማለት ጌታን በዓይናቸው ያዩት ናቸው፣ ከእነሱ ወዲያ በሩ ተዘግቷል ብለው ነበር አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ጳውሎስ ከዐሥራ ሁለቱ አልነበረም፣ በርናባስም ሐዋርያ ተብሏል፣ በሮሜ መልእክትም በሐዋርያት ዘንድ ስማቸው የተጠራ አንድሮኒቆንና ዩልያን አሉ ብለው ረቷቸው። «እንግዲያው የሐዋርያ ምልክቱ የታል ብዬ ያዝኳቸው» አሉኝ አባባ። ያኔ የልጄን ቪዲዮ አመጡ። «ወደ ወንድምሽ ዞሬ የገዛ ደምህ ናት፣ እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጌታ ሥራውን ሠርቷል አለኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ፣ እጄን አነሣሁ።»

እንዲህ ብለህ ነው ሀብቴ ላይ እጅህን ጭነህ ሐዋርያ ያልከው። ልጄ ከተቀበረች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀረው። መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ ነበር ጋሼ።

መጀመሪያ ላይ ዝም ያልከው ለእማዬ ልብ አዝነህ እንደነበር አምናለሁ። መቼ እንደተለወጠ አንተ ታውቃለህ። ወጣቶቹ ወደ ሌላ አዳራሽ እየፈለሱባችሁ እንደነበር፣ ሀብቴ ቢመጣ እንደሚመለሱ አባባ ነግረውኛል። መርዶዬን ብትናገር ኖሮ በቤታችን ድንኳን ይተከል ነበር፣ ሰው ያለቅስ ነበር፣ ተነሣች የሚል ሰው በቡታጅራ አፉን አይከፍትም ነበር። ልቅሶዬን ከልክለህ ለሱ እልልታ አደረግክለት። ሀብቴ የባዕድ ሰው ነው፤ ባዕድ ይዋሻል። አንተ ግን አባታችን ሲሞት እንደ አባት ያሳደግከኝ ነህ፤ ይኼ ነው አልዋጥ ያለኝ።

ሐዋርያ ማን እንደሆነ ያስተማርከኝም አንተው ነህ። ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ቆጮ ሸጠን ከገበያ ስንመለስ፣ መንገድ እንዲያጥርልኝ ታሪክ ትነግረኝ ነበር። በይሁዳ ቦታ ሰው ሲፈለግ ጴጥሮስ ከጥምቀቱ ጀምሮ እስካረገበት ቀን ድረስ አብሮን የከረመ፣ መነሣቱንም አብሮን የሚመሰክር ይሁን እንዳለ ነገርከኝ። ዕጣው የወጣለት ማትያስ ከዚያ በኋላ ስሙ እንኳ አይሰማም አልከኝ። ታዲያ ለምን መረጡት ስልህ «አብሮ ነበረ፣ ያየውንም አየ፤ በቃ» አልከኝ። እኔ ይህን ይዤ ነው ያደግኩት። አሁን በዚያው ልክ ልጠይቅህ። ሀብቴ መቼ ከልጄ ጋር ነበረ? ምንስ አየ?

ጳውሎስ ዘግይቶ ተጠራ ይላሉ፣ እውነት ነው። ግን ጳውሎስ ሉቃስን፣ ሐኪሙን፣ አብሮት ይዞ ይዞር ነበር። ጥሮፊሞስን ታሞ ትቼው መጣሁ ብሎ ሳያፍር ጽፏል፤ ፈወስኩት ብሎ አላስወራም። መርፌሽን ጣይ ያለው ሐዋርያ የቱ ነው?

ጀሊላ ነገሩን ስነግራት «በእኛም የኢሳ ሐዋሪያት አሉ፤ ረዳቶቹ ነበሩ ነው የምንለው። የእናንተው ሰውዬ ማንን ረዳ?» አለችኝ። ኡዋይስ ደግሞ ከዕቃ መደርደሪያው ጀርባ ሆኖ «መኪናውን ረድቷታል፣ አቧራ እንኳ አላስነካትም» አለ። ከልጄ ሞት ወዲህ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቁ መልሶ ልቅሶ ሆነብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴ ሳሰላስል አገኘሁ። ጌታ ሲነሣ መጀመሪያ የተላከችው መግደላዊት ማርያም ናት። ዐሥራ ሁለቱ ሲቆጠሩ ስሟ የለም። ሄደሽ ንገሪ ተባለች፣ ሄዳ ነገረች፣ ወንዶቹ ቅዠት መሰላቸው። ቢሆንም መልእክቷን አልለወጠችም። ሐዋርያ ማለት የተላከ ማለት ከሆነ እሷ ካልተቆጠረች ማን ሊቆጠር ነው? አንተም በእኔ ተልከህ ነበር። መልእክቴን ግን በኪስህ አስቀርተህ ሌላ መልእክት ተናገርክ። እሷ ተነሥቷል እንድትል ተላከች፤ ያየችው እሱን ነዋ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የተላክሁትም ልጄ አልተነሣችም እንድል ነው። አልለውጠውም።

ለመስቀል ሀብቴ ወደ እናንተ እንደሚመጣ፣ እማዬንም መድረክ ላይ አቁማችሁ ስለ ሮዳስ መነሣት ልታስመሰግኗት እንደሆነ ሰምቻለሁ። ጋሼ፣ ይህን አታድርግ። እጄን ዘርግቼ እለምንሃለሁ። አባባ ዓለምሰገድን ያዝ፣ ጎረቤቶቻችንን ጥራ፣ በጠዋት ገብታችሁ ለእማዬ ንገሯት። አጠገቧ ተቀምጠህ አልቅስላት፤ ልቧ ከደከመ ደግፋት። ከዚያ በጉባኤው ፊት ቆመህ ልጅቷ ሞታለች በል። እጅህን ከጫንክበት ሰው ላይ ማንሣትም ያንተ ፈንታ ነው።

አለምዘውድ ይህን ሰጥታህ ወደ ሆሳዕና ቤተሰቧ ትሄዳለች፣ የመስቀል ዋዜማ ግን ተመልሳ ቡታጅራ ትገባለች። ሻንጣዋ ውስጥ ለእማዬ የገዛሁት ጥቁር ሻሽ አለ። ቤታችን ስትደርስ ለቅሶ ተቀምጣችሁ ካገኘቻችሁ ሻሹን ሰጥታ አብራችሁ ታለቅሳለች። እልልታ ከሰማች ግን መርዶውን ራሷ ትናገራለች፣ አንተም ፊት ቢሆን፣ መድረክም ላይ ቢሆን። ቀብር ላይ የቆመች ናት፤ ያየችውን ታውቃለች።

ለዓለምሸት ሰላምታዬ ይድረሳት፣ ዓይኗን እግዚአብሔር ይማርላት። ደምሰውን ትምህርቱን እንዳይተው አደራ በልልኝ። ሲፎራን ጉንጯን ሳምልኝ። አባባ ዓለምሰገድን ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ተኝታለች ያልኳቸው ከአፌ ሌላ ቃል አልወጣ ብሎኝ ነው። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ግን ከነገርካት በኋላ ይሁን።

እስከ ዛሬ ከእናንተ ጋር የማወራውን ሁሉ የምጨርሰው ሮዳስም ሰላም ትላችኋለች እያልኩ ነበር። ዛሬ አልልም።

እህትህ አስካለ
ካንሳንጋ፣ ካምፓላ
ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.