ከዓሣ ጋር የሚጠጣው ወይን

ናዝሬት፣ ኅዳር 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ዛሬ ነጩን ወይን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ባሌን ታደሰን ከጸሎት ላይ ወስደው ካሰሩት ወዲህ የቀረኝ መማለጃ ወይኑ ብቻ ነበር። ታደሰ የሚሠራበት ሆቴል ጌታ የነበረው ጣልያን አገሩ ሲገባ ነው ለታደሰ የሰጠው። ታደሰ አስተናጋጅ ስለነበር ያውቃል፤ "ቀዝቅዞ ከዓሣ ጋር ነው፣ በርበሬ ይገድለዋል" ይል ነበር። እኛ ጴንጤዎች ነንና ቀምሰነው አናውቅም። የዝዋይ ዓሣም ጠብሼ፣ ሎሚ ጨምቄበት ለቀበሌው ሊቀመንበር አቀረብኩ።

ሊቀመንበሩ ዓሣውን ገፋ አድርጎ ጥሬ ሥጋና ሚጥሚጣ አስመጣ። ወይኑን ቀድቶ ለእኔ ሰጠኝ።

"ጠጪ! ጸሎቱን መተውሽን ልይ።"

"ከጠጣሁ ይፈታል፣ ጓድ ሊቀመንበር?"

"መጀመሪያ ጠጪ።"

ጌታ ሆይ፣ ጨለጥኩት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለኝ። ሊቀመንበሩ በሳቅ ፈረሰ።

"ጠዋት ለባልሽም አረቄ ቀድቼለት ነበር። ብሞት አልቀምስም አለኝ። አሁን ሄጄ ያንቺን እነግረዋለሁ።"

ይህን ብሎ ወደ እስር ክፍሉ ገባ።

እየሳቀ ሲወጣ፣ ዓሣውን ለታደሰ እንዲያደርስልኝ ዘበኛውን ለመንኩት። ወዲያው ይዞት ተመለሰ።

"አልበላም ብሏል፣ እቴ።"

ታደሰ ዓሣ ሲያይ ነፍሱን አያውቅም ነበር። ሳህኑ እንዳለ አሁን ቤቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ነገ ስንቅ ይዤ ስሄድ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?